የሰለቻቸው ወታደሮች

ስልኩ ላይ የሚጫወተው ጦርነት ከተጀመረ አራት ወር አልፎታል። ሰውዬውና ባላንጣው በቀን አንድ አንድ ጊዜ፣ ተራ በተራ ይዋጋሉ። ጨዋታውን የጀመሩት በደህናው ጊዜ ነበር፤ ያኔ ፈረሰኞቹ አንድ ከተማ በአንድ ተራ ጠቅልለው ይይዙ ነበር። ጦርነቱ በረዘመ ቁጥር ግን ወታደሩ እየሰለቸው፣ ጉልበቱ እየከዳው ሄደ። ዛሬ ጠዋትማ አንድ ተልካሻ ቀስተኛ ፈረሰኞቹን እያሳደደ መለሳቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረባው ዘርይሁን ስልኩን አጮልቆ አየና ሳቀ።

«የሰለቸው ጦር ይዘህ የት ልትደርስ ነው? እርቅ የሚለውን ተጫንና ተገላገል!»

«እኔ ልጫን? መጀመሪያ የተነካሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ስትዋጋ ኑር።»

ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ገባ። የቀዘቀዘ ፓስታ ብቻውን በላና አራት ወር ሙሉ በተኛበት ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ጨዋታውን ከፈተ። የወታደሮቹ ጉልበት ከአሥር ወደ ሁለት ወርዷል። የባላንጣውም ጦር ከዚህ አይሻልም፤ ሁለቱም ወገን ቆሞ መተያየት ብቻ ሆኗል። ጣቱ ብዙ ካመነታ በኋላ «እርቅ» የሚለውን ተጫነ።

ከተዘጋው የመኝታ ቤት በር ጀርባ ስልክ ቲን ሲል ተሰማው።

ከዚያ አልጋው ተንቋቋና፣ ከአራት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱ አናገረችው።

«ሽማግሌ ሳትልክ?»