አሥራ አንድ ሰዓት ላይ

ሰው ከቀኑ ላይ ሰዓት ቆርሶ መሸጥ ከተፈቀደለት ወዲህ፣ ሻጩ ለሸጣት ሰዓት ዓይኑን እንደገለጠ ይደነዝዛል፤ አእምሮው ለገዢው ይሠራል። እኔ ግን አንዲት ደቂቃ ሸጬ አላውቅም። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት ስገባ ሶፋው ላይ የሚጥለኝ ድካም ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ልጄን ረዴትን ሰዓት ማንበብ እያስተማርኳት፣ በካርቶን የሠራሁትን ሰዓት ጭኔ ላይ አድርጌ አጭሩን ቆጣሪ አዞርኩላት።

«አሥር ሰዓት ላይ ምን እናደርጋለን?»

«ከትምህርት ቤት እንመጣለን።»

«አሥራ አንድ ላይስ?»

«ያን ጊዜ አንቺ የለሽም። ብቆነጥጥሽም አትሰሚኝም። አባዬ ‹ተሸጣለች፣ ተያት› ይለኛል።»

ባለቤቴ ናሁሰናይ ሰሃን እያጠበ ነበር። ቧንቧውን ዘጋ፤ ፊቱን ግን ወደኔ አላዞረም።

«ማነው የፈረመው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ። አንቺማ እንቢ ትያለሽ ብዬ ነው።»

ካርቶኑን ወርውሬ ተነሣሁ። «አንተ ሰው፣ እኔን ነው እንዴ...»

ውጭው መጨለም ጀምሯል። ሶፋው ላይ ነኝ፤ አንገቴ ሥር ትራስ ተደርጎልኛል። ረዴት አጠገቤ ቁጭ ብላ የካርቶኑን ሰዓት ይዛለች፤ አጭሩን ቆጣሪ አሥራ ሁለት ላይ አድርሳዋለች።

«እማዬ፣ ልክ ነኝ?»