ትንሿን በትልቁ

ዋጋዬ እግሯን አሻግራ ትልቁ ሞተር ሳይክል ላይ ትቀመጥና መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ትፈልጋለች። አንደኛው እግሯ ያገኘዋል። ሌላኛው ሊያገኘው ሲል ሞተሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ወዳጃቸው ተወልደመድህን እያነከሰ ደርሶ መሪውን ይይዝላታል።

«አይዞሽ ሓብተይ» ይላታል። እህቴ ማለቱ ነው፤ አማርኛውን ሲቸኩል ትግርኛው ይቀድመዋል።

«ይሄ እኮ ሞተር ሳይክል አይደለም፣ በሬ ነው» ይላል ባሏ ደበላ፣ ሄልሜቷን እንደ ድስት ሆዱ ላይ አቅፎ። «ቢወድቅብሽ ማን ሊያነሳው ነው? እኔ ወገቤን፣ ተወልዴ ጉልበቱን። ሦስታችንም እዚሁ ሊንደሩድ አስፋልት ላይ ተዘርግተን ማደራችን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ተወልደመድህንን ጉልበቱ ከድቶታል፤ ቀይ መብራት ሲይዘው ያንን ከባድ ሞተር ደግፎ ማቆም አቅቶታል። ሐኪም ሳይነግረው ራሱ አወቀው። ጨርሶ መንዳት መተው ግን ሆዱ እምቢ አለው። ዋጋዬ ደግሞ በትንሿ የጀማሪ ቀይ ሞተር ሳይክሏ ከቤቷ ከቫይትቬት ወደምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስትመላለስ ያያታል። የትልቁን መንጃ ፈቃድ ባወጣች ጊዜ «እንለዋወጥ» አላት። ትልቁ አርጅቷል፣ ትንሿ ገና አዲስ ናት፤ ማንም ለማንም የሚጨምረው የለም። እነሆ ሁለቱ ሞተሮች ተወልደመድህን ከሚኖርበት ሕንፃ ሥር፣ እንደ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ትንሿ ምንም አላጎደለችባትም። አንድም ቀን ከማለዳ ፈረቃዋ አላስረፈደቻትም። ግን ከሥራ ስትመለስ የትሮንድሄም ጎዳና ላይ መብራት ሲይዛት፣ ዓይኗ የቤቷን መታጠፊያ አልፎ ወደ ላይ፣ ወደ ሰሜን ይሄድባታል። ጎዳናው በስሙ የሚጠራበትን ከተማ አይታው አታውቅም። ልጅ ሆና፣ ጊምቢ፣ የወባ ማጥፊያው ሠራተኛ በሞተር ሳይክሉ ኮረብታውን ተሻግሮ ሲጠፋ፣ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ደጅ ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ሆድ አንዳንዴ ያላየውንም አገር ይናፍቃል።

ተወልደመድህን ቁልፉን ከኪሱ ያወጣል። እሱ ባደገበት አገር በቅሎ የሸጠ ሰው በቅሎዋን እንጂ ገመዷን አይሰጥም፤ ገመዱ ከሄደ የቤቱ ገድ ተከትሎት ይሄዳል ይባላል። ቁልፉ የተንጠለጠለበትን ያረጀ ጠፍር በጥርሱ ታግሎ ይፈታና ኪሱ ይከተዋል። ባዶውን ቁልፍ በሁለት እጁ ይሰጣታል። አሰጣጡ ልጅ እንደሚድር ሰው ነው።

«በይ አንቺም ፍቺ።»

የሷ ቁልፍ በአረንጓዴ ጥብጣብ ነው የታሰረው። ጣቷ ቋጠሮውን ይይዝና እዚያው ይቀራል።

«ምነው?» ይላታል ተወልደመድህን።

«እንጃ።»

«ተመስገን፣ ጸሎቴ ተሰማ!» ይላል ደበላ። «በሉ ወደ ቤት፤ ዜና ሊጀምር ነው።»

ዋጋዬ ዞር ብላ ታየዋለች። ደበላ እዚሁ ከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከወጣ ወዲህ ከሥራ ስትገባ የምታገኘው መስኮቱ ጋ ነው፤ የሚያልፉትን አውቶቡሶች እያየ፣ ይሄኛው ዘገየ፣ ያኛው ቀደመ እያለ ለራሱ ያወራል። ከመጣች ደግሞ ዞሮ ያፌዛል።

«ደቤ» ትለዋለች ቀስ ብላ። «ለብቻዬ ከሆነማ ትንሿ ትበቃኛለች።»

ደበላ ያቀፈውን ሄልሜት ያገላብጣል። ተወልደመድህን ጎንበስ ብሎ ምንም ያልሆነውን ጎማ መመርመር ይጀምራል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጭን ኖሬ» ይላል ደበላ በመጨረሻ፣ «አሁን ደግሞ ጭነት ልሁን?»

«ያ!» ትለዋለች እንደ አገሩ ሰው፤ አዎ ማለቷ ነው። «ጭነት ሁን።»

«ሰውስ ምን ይላል? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሚስቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ!»

«ታዘለ ይበሉ። እነሱን ማን አዝሏቸው ያውቃል?»

ተወልደመድህን ከጎማው ቀና ብሎ በሳቅ ይፈርሳል። ሳቁን ሳይጨርስ የራሱን ሄልሜት ያመጣና ደበላ ራስ ላይ ይጭንበታል፤ የደበላ ጉንጮች ተጨምቀው ወደ አፍንጫው ይሰበሰባሉ። ዋጋዬ የራሷን ከእጁ ተቀብላ ታጠልቃለች። ደበላ የተወልደመድህንን ትከሻ ተደግፎ «ኢየሱስ!» እያለ እግሩን ያነሳል፤ አንዴ ይስተዋል፣ ሁለተኛው ላይ ይሳካለታል።

በደበላ ክብደት ሞተሩ ከሥሯ ዝቅ ይላል። ዋጋዬ ተረከዟ አስፋልቱን ሲነካ ይሰማታል። ሁለቱም። ወደ ታች ታያለች። ከዚያ ጥብጣቡን ፈትታ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ትከትና የትንሿን ቁልፍ ለተወልደመድህን ትዘረጋለታለች።

«በሰላም ያንቀሳቅስሽ» ይላታል። «እኔ ሳልጠግበው ነው የምሰጥሽ፤ አንቺ ጥገቢው።»

ሞተሩን ታስነሳለች። ከኋላዋ ደበላ እንደ እንግዳ ተሳፋሪ የወንበሩን ብረት በሁለት እጁ ጨብጧል። ቆይቶ አንዱን እጁን ይለቃል። ቆይቶ ሌላውን። ጎረቤት በየበረንዳው በሚያይበት፣ ገና ባልመሸ የግንቦት ፀሐይ፣ መዳፎቹ መጥተው ወገቧ ላይ ያርፋሉ።

«ወዴት ነው?» ይላታል፣ ድምፁ ሄልሜቱ ውስጥ ታፍኖ።

ዋጋዬ ፊቷን ወደ ሰሜን ታዞራለች። ገና ግን አትነሳም። እጆቹ እስኪለምዱ ትጠብቃለች።