መስቀያው ላይ የቀሩት ልብሶች

የግብር ገማቹ እስክሪብቶውን እየቀሰረ ልብሶቹን መቁጠር ሲጀምር ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች። መስቀያው ላይ አስራ ሁለት ልብስ ተደርድሯል። ይሄን ሁሉ የአንድ ቀን ስራ ነው ብሎ ካስጻፈባት፣ ግብሩን ስለማትችለው የሱቁን ቁልፍ ለአከራይዋ ማስረከብ ነው።

«ኧረ ወንድሜ፣ እኔ በቀን ቢበዛ ሁለት ብሰፋ ነው! እነዚህ እኮ ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው ወራት የቆዩ ናቸው።»

«ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚለው፣ እህቴ» ብሎ ሳቀባት። «አስር... አስራ አንድ...»

መጨረሻ ላይ የተሰቀለው ቡናማ ኮት ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ኮሌታውን ገለጥ አደረገና ቶሎ ለቀቀው። ዓምና «ደሞዝ ስቀበል እወስደዋለሁ» ብሎ ያሰፋው የራሱ ኮት ነበር። ሰፊዋ ገና ከበር ሲገባ ለይታዋለች፤ ግን ካሳፈርኩት ይብስብኛል ብላ ፈርታ ዝም ብላለች። አሁን ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በቃ ገባው፣ ተረፍኩ ብላ አሰበች።

በር ላይ ቅጹን የያዘው ባልደረባው «ስንት ልጻፍ?» አለ።

ገማቹ ኮቱን አውርዶ ብብቱ ስር ሸጎጠና «አስራ አንድ» አለው።