የእትዬ ሽታዬ አፍንጫ

በሆሊውድ አቅራቢያ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ሐበሻ ሁሉ የእትዬ ሽታዬን አፍንጫ ያውቃል። አዲስ ቅቤ የሚገዛ ሰው እሳቸው ሳያሸቱለት ዋጋ አይደራደርም። አንድ ጊዜ የፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ነጋዴ ከአገር ቤት የመጣ ነው ብሎ ያቀረበላቸውን ባልዲ ገና ክዳኑ ሳይነሳ፣ "ይሄ ላም አይቶ አያውቅም" ብለው መልሰውበታል። ስማቸው ሽታዬ መሆኑ ለቀልድ ይመቻል። ቀልዱን ከማንም በላይ የሚወዱት ግን ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው በግንቦት አንድ ማለዳ፣ በምግብ ቤታቸው ጓዳ የገዛ ቅቤያቸውን ከፍተው ምንም ያልሸተታቸው።

ደግመው ጎንበስ አሉ። ኮሰረቱ የለም። ኮረሪማው የለም። ባልዲው ሙሉ ነው፣ ሽታው ግን ወጥቶ ሄዷል።

"ፋና!"

ፋና ወጥ ቤቱን የያዘች፣ በዲቪ የመጣች፣ ከእጇ ሥራ ከአፏ ጸሎት የማይጠፋ ልጅ ናት። በእረፍት ቀኗ ቫን ናይስ ሰፈር ባለው ቤቷ ውስጥ ለልደትና ለምርቃት ክትፎ በትእዛዝ ትሠራለች።

"አቤት እትዬ?"

"ይሄን ቅቤ ማን ነካው?"

"እኔ ምን አውቄ? ጠዋት ቁልፉን ከእርስዎ እቀበላለሁ፣ ጓዳውን ዘግቼ ወዲያው እመልሳለሁ።"

እትዬ ሽታዬ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ቅዳሜ የፓስተሩ ልጅ ሠርግ ነው፤ ክትፎው የታዘዘው በእሳቸው ስም ነው። በዚህ ቅቤ ቢቀርብ ከዚያ በኋላ በየት በኩል ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ?

"ከነገ ጀምሮ አትምጪ" አሏት።

ፋና ማማሰያውን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች።

ጋሼ ስዩም፣ ባለቤታቸው፣ ካሽ ሬጅስተሩ ኋላ ተቀምጠው ስልካቸውን ያያሉ። ከሆሊውድ ሆቴል ፓርኪንግ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ሂሳብ መቀበልና ዩቲዩብ ላይ የሚመክሩ ሐኪሞችን ማዳመጥ ነው።

"ያለ ማስረጃ ሰው አታባሪ" አሉ ቀና ሳይሉ።

"ማስረጃው አፍንጫዬ ነው!"

"ደንበኛ ምን አለ?"

ደንበኛ ምንም አላለም። እንዲያውም ሰሞኑን ክትፎው ሚጥሚጣው በርታ ስላለ ሁሉም ውሃ እየጠጣ "ዋው" ነው የሚለው።

ለምሳ የእህታቸው ልጅ ኖላዊ መጣ። መድኃኒት የሚመራመር ላብ ውስጥ ይሠራል። ጃካራንዳው ባበበ ቁጥር አለርጂ ስለሚነሳበት ናፕኪኑን ከአፍንጫው ሳያነሳ ነበር የገባው። አክስቱ ባልዲውን አምጥተው አፍንጫው ስር ደቀኑበት።

"አሽትት።"

ኖላዊ ሳበ፤ አስነጠሰው፤ እንደገና ሳበ። "ለእኔ ኖርማል ነው። አክስቴ፣ አዲስ መድኃኒት ጀምረሻል እንዴ?"

ጀምረዋል። ከፋሲካ ወዲህ ለጣታቸው መገጣጠሚያ ክኒን ታዞላቸዋል። የብልቃጡ ክዳን ለታመመ ጣት ስለማይመች በየጠዋቱ ጋሼ ስዩም ከፍተው፣ ክኒኑን ከውሃ ጋር ያቀርቡላቸዋል። ጣታቸው ገና እንዳበጠ ነው፤ ሐኪሙ ታገሺ ብሏቸዋል።

ኖላዊ ብልቃጡን ከቦርሳቸው አውጥቶ ጽሑፉን አነበበና ፊቱ በራ።

"ኦኬ! ይሄ እኮ ኢንሂቢተር ነው።"

"በአማርኛ!"

"አጋጅ ነው፣ አክስቴ። አፍንጫሽ ውስጥ ሽታ የሚቀበሉ ሴሎች አሉ። ክኒኑ ተቀባዩን ራሱን አይነካውም። ግን ተቀባዩ ሽታ ሲይዝ፣ ሴሉ ውስጥ መልእክት ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበለ ይሄዳል። ጣትሽን የሚያሳብጠውም እንደዚሁ መልእክት ነው። ክኒኑ የጣቱን ላቋርጥ ሲል፣ ዞሮ ዞሮ የአፍንጫውንም ሊያደክመው ይችላል።"

"ደወሉ አለ፣ ገመዱ ተቆርጧል ነው የምትለኝ?"

"ኤግዛክትሊ! ቅቤው ምንም አልሆነም። አፍንጫሽ ነው ኦፍ ያደረገው።"

ጋሼ ስዩም ስልካቸውን አስቀመጡ። ብልቃጡን ከኖላዊ እጅ ተቀብለው ቶሎ ወደ ቦርሳው መለሱት።

እትዬ ሽታዬ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ። የአፍንጫቸው ነገር ልባቸውን ሰበረው፤ የፋና ነገር ደግሞ አንገታቸውን አስደፋቸው። ከዚያ ተነስተው ወጥ ቤት ገቡና፣ ምሳ የሚበላው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ልጄ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ" አሏት። ሊንበረከኩም ሞክረው ነበር፤ ጉልበታቸው አልፈቀደም እንጂ። ፋና ደግፋ አነሳቻቸውና ተቃቅፈው አለቀሱ።

"አይዞዎት እትዬ" አለች ዕንባዋን እየጠረገች። "አፍንጫዎ እስኪመለስ እኔ አፍንጫ እሆንልዎታለሁ።"

በዚህ ንግግር ያልተነካ ሰው አልነበረም። እትዬ ሽታዬ የጓዳውን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው በገዛ እጃቸው ፋና አንገት ላይ አጠለቁት። ከእንግዲህ ቅቤ የምትመርጠውም፣ የምትገዛውም፣ የምታስቀምጠውም እሷ ናት። የሠርጉም ክትፎ ለእሷ ተሰጠ። ኖላዊ አጨበጨበ። ፋናም ጓዳውን አሁኑኑ ላስተካክል ብላ መኪናዋን በጓሮ በር አስጠግታ ፓርክ አደረገች።

ምሳ አልቆ ቤቱ ሲረጋጋ እትዬ ሽታዬ ባላቸው አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። ቅልል ብሏቸዋል።

"ንጹሕ ልጅ አባርሬ ነበር እኮ" አሉ። "ከእንግዲህ ያንን ክኒን አልውጥም። ጣቴ እንደፈለገ ይሁን፤ አፍንጫዬ ይመለስልኝ።"

ጋሼ ስዩም ላባቸውን ጠረጉ።

"ሽታዬ፣ አትቆጪኝም?"

"ለምን እቆጣሃለሁ?"

"ያ ክኒን ጉበት ይጨርሳል ሲባል ሰምቼ፣ ገና የመጣ ዕለት ነው ሽንት ቤት የደፋሁት፤ እስከ ዛሬ ከዚያ ብልቃጥ የምትውጪው የእኔን ቪታሚን ነው።"