አልለየውም

“ባለሱቁ በተገደለበት ቢላ ላይ ያገኘነው ዲኤንኤ የተከሳሹ ነው፤ አለዚያም የመንታ ወንድሙ ነው፤” አለ የላቦራቶሪው ባለሙያ። “ሁለቱን ከሚሊዮን ሰው መሀል ለይተን እናወጣለን። አንዱን ከሌላው መለየት ግን አልቻልንም።”

የመንትዮቹ እናት ምስክር መቆሚያው ላይ ሆና የሱቁ ካሜራ የቀረጸውን እንድታይ ተደረገ። ፊቱን በኮፍያ የከለለ ልጅ ከበሩ ወጣ። ከመሮጡ በፊት ቆም ብሎ የግራ ጆሮውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ያዘ። ሲደነግጥ ጆሮውን የሚይዘው ታናሽየው ነበር፤ እሱ ደግሞ አሁን ከኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

“እማማ፣ የትኛው ልጅዎ ነው?” አሏት ዳኛዋ።

ተከሳሹ ታላቅየው ቀና ብሎ አያት። ከታሰረ ወዲህ ፊቱ ፈካ ሲል ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጎረቤቱ፣ አስተማሪው፣ አባታቸው ሳይቀር ሲያምታቷቸው እሷ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። እውነቱን ብትናገር አንዱን ከእስር አውጥታ ሌላውን መክተቷ ነው። ካልተናገረች ግን ሁለቱም ቤት ይገባሉ። የሟች ሚስት ከፊት ወንበር ሆና ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

“አልለየውም፤” አለች። “እኔም አልለያቸውም።”

ጠበቃው ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ “እንግዲህ በነጻ መውጣትህ ነው፤” አለው። ልጁ አልሰማውም። እናቱን እንደ ባዕድ ትክ ብሎ ሲያያት ቆየና፣ “እማዬ፣ እኔን?” አላት።