ያለውን ነው የሚያጎላው

ደቡብ ኮሪያ ፓጁ ከተማ ባለው የቴሌቪዥን ስክሪን ፋብሪካ፣ አዲስ ገቢ ሁሉ የቤተሰቡን ፎቶ ይዞ ይመጣል። የምስል ጠርዝ ማጥራት የሚለማመደው በዚያ ፎቶ ነው፤ የሚያውቁት ፊት ሲበላሽ ዓይን ቶሎ ይነቃል።

አዲስ ገቢው ቴክጁን የቤተሰቡን የመኸር በዓል ፎቶ ስክሪኑ ላይ ከፈተ።

"እናትህስ?" አለችው አለቃው ናም።

"ሞታለች።"

ውሸቱን ነው፤ እናቱ በዚያው ሰዓት ፖሃንግ ከተማ ገበያ ዓሣ እየሸጠች ነበር። ሽርጧን እንዳያዩበት ብሎ፣ ትከሻው ላይ ያረፈውን እጇን ሳይቀር ከፎቶው አጥፍቷታል። ፊቱ በእፍረት ቀላ።

የጠርዝ ማጥሪያውን መጠን ከፍ አደረገ። በየሰዉ ዙሪያ ነጭ መስመር ወጣ፤ ይህ ሁሌም ያለ ነው። ቀጥሎ ግን ፎቶው ላይ፣ በራሱ ትከሻ፣ አምስት ጣቶች ብቅ አሉ።

"የማን እጅ ነው?" አለች ናም። "ማጥሪያ እኮ የሌለ ነገር አይፈጥርም፤ ያለውን ነው የሚያጎላው። እስቲ ዝቅ አድርገው።"

ዜሮ ላይ አወረደው። ፊቶቹ ሁሉ ደበዘዙ። ትከሻው ላይ ያለው እጅ ግን አልደበዘዘም።

ቴክጁን ስክሪኑን አጠፋው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ አለቃዬ፣ ፎቶው ተበላሽቷል።"

ናም ግን የምታየው እሱን ነበር።

"ሸሚዝህን ምን ነካው?"

ትከሻውን ዳበሰ። ርሷል። ጣቱ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆ መጣ።