የምድር ቤቱ ነዋሪ

«እዚህ ሕንፃ ውስጥ የማናውቀው ሰው እየኖረ ነው።»

ሩኔ ይህን ያለው ምድር ቤት ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ለብቻው ቆሞ ነው።

ከንጋቱ አንድ ሰዓት… ተራው የእሱ ነበር። ስሙን ሰሌዳው ላይ ያሰፈረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ከእሱ በፊት የተመዘገበ ማንም የለም።

ማድረቂያው ግን ሙቅ ነው።

ስቶክሆልም ውስጥ የጎረቤትህን መኪና ብትገጭ ይቅር ይልሃል… የማጠቢያ ተራውን ከነካህበት ግን ዓይንህን ማየት አይፈልግም። ሩኔ ደግሞ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው።

ወረቀት አወጣና ጻፈ።

«ማን እንደሆንክ አላውቅም። እንዳለህ ግን አውቃለሁ። እዚህ የሚኖረው የከፈለ ብቻ ነው።»

ማሽኑ ላይ ለጥፎት ሄደ።

በማግስቱ ሲወርድ ወረቀቱ የለም… ወለሉ ግን ጥርት ተደርጎ ተወልውሏል።

ይሄ ይበልጥ አስፈራው። ምን ዓይነት ሌባ ነው ወለል የሚወለውል?

ከዚያ አንድ ጠዋት ከአሮጌው የማሞቂያ ክፍል ሳል ሰማ። በሩን ሊከፍት ሞከረ… ከውስጥ ተቆልፏል።

«ማነው?»

ሳሉ ታፈነ።

ሩኔ ክፉ ሰው አይደለም። ኑሮው ነው ያከረረው። የቤቱ ብድር ወለድ እጥፍ ሲሆንበት የልጁን ክፍል ለአንድ ተማሪ አከራይቶ ነው የተነፈሰው።

ልጁ አልቢን ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። ከቤት ከወጣ ስምንት ወሩ።

«እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የራሴ ቤት ነበረኝ» ይለው ነበር ሩኔ… ያኔ ቤት የሚገኝበት ዘመን እንደነበር ረስቶት። ዛሬ ተመዝግበህ ወረፋ ብትጠብቅ ዓመታት ያልፉብሃል። ከሰው ላይ ልከራይ ካልክ ደግሞ ደሞዝህ ኪስህን ሳያሞቅ ያልቃል።

ቢሆንም ልጁ አላሳፈረውም። እሁድ እሁድ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ለምሳ ይመጣል።

«ቤቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አባዬ።»

አለቀ። ሩኔም ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

ስብሰባ ተጠራ።

«የምድር ቤቱ ቁልፍ ይቀየር» አለ ሩኔ።

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ሲቭ እጃቸውን አወጡ። ሰማንያ አልፏቸዋል።

«ብርዱ እስኪያልፍ ብንተወውስ? ምን ጎዳን?»

«እማማ ሲቭ፣ ሆቴል ከፈቱ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«የት ይሄዳል ሩኔ?»

«ወደ ወላጆቹ ይሂዳ። እኛ ነን የወለድነው?»

እማማ ሲቭ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ… መልሰው ዘጉት።

ዓርብ ጠዋት ቁልፍ ሠሪው መጥቶ የምድር ቤቱን ዋና በር ቁልፍ ቀየረ። ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ ሰባት ነበር።

እሁድ ሩኔ ምሳ አቅርቦ ጠበቀ።

አልቢን አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው።

«የዘንድሮ ልጅ…» ብሎ ብቻውን በላ።

ሰኞ ጠዋት የዚያን «ሌባ» ዕቃ ሊጥል የማሞቂያ ክፍሉን በር ሰበረ።

ፍራሽ። በሥርዓት የታጠፈ ብርድ ልብስ። አንድ ድስት።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ሚስማር… ሚስማሩ ላይ የተተኮሰ ሸሚዝ።

ሩኔ ሸሚዙን አወረደው። ያውቀዋል። ከስምንት ቀን በፊት፣ እሁድ ምሳ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ድንች የሚልጥ ሰው ለብሶት አይቷል።

ከኋላው እማማ ሲቭ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቆመዋል።

«ከዓርብ ጀምሮ አላየሁትም» አሉ። «የት ሄደ?»

«ማን?» አለ ሩኔ። እያወቀ ነው የጠየቀው።

«ልጅህ ነዋ። ላልናገር አስምሎኝ ነበር… ሾርባ አወርድለት ነበር። አፌን ይቁረጠው፣ ያን ቀን መናገር ነበረብኝ።»

ሆቴሉ ጋ ሲደውል ቅዳሜ ሥራ እንዳልገባ ነገሩት። ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሆስፒታል ተደወለለት።

አልቢን ሁለት ሌሊት አውቶቡስ ላይ ወዲህና ወዲያ ሲመላለስ አድሯል። በሦስተኛው ሌሊት ትኬት የሚቆርጥበት ገንዘብ አልነበረውም። ያገኙት ፌርማታ ላይ ተቀምጦ ነው።

ሐኪሙ ሩኔን ወደ ጎን ጠራው። ልጁ ይተርፋል… የግራ እግሩን ጣቶች ግን ብርዱ በልቷቸዋል፣ ተስፋ አያድርጉ አለው። ሙሉ ቀን ቆሞ ለሚሠራ ልጅ።

ሩኔ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬህ ነበር እኮ… ኅዳር ላይ። ለአንድ ወር ልመለስ ስልህ፣ ክፍሉ ተይዟል አልከኝ።»

ሩኔ አስታወሰ። ቴሌቪዥን እያየ ነበር የመለሰለት። ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

አለቀሰ።

«ቤት ና ልጄ። እኔ ሳሎን እተኛለሁ… የእኔን ክፍል ውሰድ።»

አልቢን ዞሮ አየው።

«በወር ስንት ነው አባዬ?»

እየቀለደ አልነበረም።

.

.

እኔ ሩኔን መርገም አልቻልኩም ወዳጆቼ… ኑሮ እሱንም አንቆት ነበር። ጥፋቱ ክፍሉን ማከራየቱ አይደለም። ጥፋቱ ልጁ «ደህና ነው» ሲለው ደስ ስላለው አለመጠየቁ ነው። ልጆቻችን ራሳቸውን ይቻሉ… ግን የት እንደሚያድሩ ሄደን እንይ። በዓይናችን እንይ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል… እማማ ሲቭ የሰው ምሥጢር አክብረው ዝም አሉ።

እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ መሐላችሁን ትጠብቁ ነበር ወይስ ትናገሩ ነበር? እስኪ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።